ከራውተሩ በፊት ሽቦው፣ ግድግዳውና መብራቱ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። መንገዱ ከዚያ አልፎ ወደ ውጫሌ ሲያቀና የአምባሰል አምባና ገደል ይጀምራል። ለመኪና ቅርብ የሆነው ይህ ርቀት ለሬዲዮ ሞገድ ሁለት የተለያየ አገር ነው፤ ሐይቅ ሜዳው ላይ ደህና የሚሠራ ዕቃ አምባሰል ገደል ሥር ላይሠራ ይችላል። የሁለቱ አካባቢ ነዋሪ ለቤቱ የዋይፋይ ራውተር ሊገዛ ሲነሣ “የትኛው ይሻላል?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ግን አስቀድሞ ለሱቁ ማቅረቡ ብዙ ገንዘብ ያስወጣዋል ብዬ አምናለሁ። ባለሱቁ የሚያውቀው ዕቃውን ነው፤ ቤቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ዓይነት መስመር እንደገባለት፣ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋበት አያውቅም። የቤት ኢንተርኔትን ጥራት በቅድሚያ የሚወስኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ራውተሩ አራተኛ ሆኖ ይመጣል። ገንዘቡም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢወጣ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ራውተር ከጥሩ ባትሪና ከጥቂት ሜትር ኬብል ጋር ሆኖ ስምንት አንቴና ካቆመው ውድ ዕቃ የተሻለ አገልግሎት ይሰጣል።

ክርክሩን ከካርቶኑ ልጀምር፤ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። “ኤሲ 1200” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ራውተር ብንወስድ፣ 1200 ሜጋቢት በሰከንድ የሚባለው ቁጥር የሁለት ሬዲዮዎች ድምር ተጠጋግቶ ነው፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ 867። አንድ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ስለሆነ ድምሩን የሚያገኝ ሰው የለም። የዋይፋይ መሣሪያዎች ተራ በተራ ነው የሚነጋገሩት፤ ተራ በመጠባበቅና መልእክት መድረሱን በማረጋገጥ ብቻ ከቁጥሩ ግማሽ ገደማ ይባክናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ በዚህ ደረጃ ካሉት ርካሽ ራውተሮች ብዙዎቹ ከጀርባቸው ያለው የኬብል ቀዳዳ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በአየር 1200 ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ከውጭ የሚመጣውን ኢንተርኔት ከ100 በታች በሆነ ጉሮሮ ይቀበላል ማለት ነው። ካርቶኑ ሐሰት አልተናገረም፤ ከቁጥሩ በፊት “እስከ” የምትል ቃል አስቀምጧል። የአንዲት ቃል ትርጉም ምን ያህል እንደሚያጣላ ውጫሌ ከሌላው አገር ይልቅ ያውቃል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው “ይቻላል” በጣሊያንኛው “ግድ ነው” የሚል ትርጉም ስለያዘ እስከ ዐድዋ አድርሷል። የራውተሩ “እስከ” ያን ያህል መዘዝ ባይኖረውም የሚከፍልባት ሰው በጥንቃቄ ሊያነባት ይገባል።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። ቤቱ የገባለት የድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ ፍጥነቱ ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው ቴክኖሎጂ ከጣቢያው አጠገብ እንኳ ከ24 ሜጋቢት አይዘልም፤ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቤት ጥቂት ሜጋቢት ካገኘ ዕድለኛ ነው። ፋይበር የደረሰው ቤት ግን በርቀት ምክንያት ፍጥነት አያጣም፤ የሚገድበው የከፈለበት ፓኬጅ ነው። በሁለቱም መንገድ ቤተሰቡ 10 ሜጋቢት የሚገዛ ከሆነ፣ አሥር ዓመት ያለፈው ራውተር እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ውኃ የሚያንሰው ከምንጩ ከሆነ ቧንቧውን ማስፋት ምን ይረዳል? “እንግዲያውስ ቴሌ የሚሰጠው ሞደም ይበቃል፣ ለምን ሌላ እንገዛለን?” የሚል ሰው ይኖራል። ለትንሽ ቤትና ለሁለት ሦስት ስልክ ከሆነ መልሴ አዎ፣ ይበቃል የሚል ነው። ገንዘቡን ያኑረው። የተሻለ ራውተር ዋጋ የሚኖረው ቤቱ ሲሰፋ ወይም ተጠቃሚው ሲበዛ ነው፤ ያኔም የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ተራ ማስያዝ ይባላል፤ ካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፎ ስለማይገኝ ገዢው አይጠይቅም። በወሎ፣ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ ወይም በሊባኖስ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ እናት በኢሞ ልጇን እያየች የምታወራበት ሰዓት ለቤቱ ከምንም በላይ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፤ አንድ ሜጋቢት ገደማ ከበቂ በላይ ነው። የሚፈልገው ሳይዘገይና ሳይቆራረጥ መድረስን ነው። ታዲያ 10 ሜጋቢት ባለው ቤት ጥሪው ለምን ይቆራረጣል? ወፍጮ ቤትን ማሰብ ነው። አንዱ አሥር ኩንታል አስጭኖ ቀድሞ ከገባ፣ ሁለት ቁና ገብስ የያዘችው ሴት እስኪመሽ ትጠብቃለች። ወፍጮው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ወረፋው በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ ስለሚሄድ ነው። አስተዋይ ባለወፍጮ “የእሷ ትንሽ ናት፣ በመሀል ትግባ” ይላል። ተራ ራውተር ይህን አይልም። ልጁ በጎን ፊልም ሲያወርድ ወይም ስልኩ ፎቶዎችን ወደ ላይ ሲጭን ዕቃው ሁሉንም ባገኘው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ የእናቲቱ ድምፅም ከኩንታሎቹ ኋላ ይቆማል። የኔትወርክ ባለሙያዎች ይህን ችግር ለይተው መፍትሔ ከሠሩለት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ኤፍኪው ኮደል የተባለው የወረፋ አደራደር እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋዊ የኢንተርኔት ሰነድ ወጥቷል። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተሰኘው ነፃ ሶፍትዌር የሚጫንባቸው ራውተሮች ይህን በኤስኪውኤም ስም ይሰጣሉ፤ ሌሎች አምራቾችም ኪውኦኤስ ወይም የባንድዊድዝ መቆጣጠሪያ ብለው ቀለል ያለውን ያስገባሉ። አጠቃቀሙ የመስመሩን ትክክለኛ ፍጥነት ለክቶ ከዚያ አሥር በመቶ ያህል ዝቅ ያለ ቁጥር ማስገባት ነው፤ ወረፋው ያኔ ከቴሌ ዕቃ ወጥቶ በራውተሩ እጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ “ከዚህ ሁሉ ጣጣ ፓኬጁን ከፍ ማድረግ አይሻልም?” የሚል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። አቅም ላለውና ፋይበር ለደረሰለት ቤት ይሻላል፤ ሰፊ መስመር ወረፋውን ያሳጥራል። ተቃውሞው ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛ፣ የመዳብ ሽቦ ያለው ሰው ቢከፍልም ሽቦው አይሰፋለትም። ሁለተኛ፣ የፓኬጅ ጭማሪ በየወሩ የሚከፈል ነው፤ ወረፋ የሚያስተካክል ራውተር ግን አንዴ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል። ቀርፋፋ መስመር ያለው ሰው ከፈጣኑ ይልቅ ከዚህ ችሎታ ይጠቀማል፤ በእኔ ግምት በሐይቅና አካባቢው አንድ ራውተር ከሌላው ሊመረጥ የሚገባው በዋነኝነት በዚህ ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ “ስንት አንቴና አለው?” ከማለት “ኪውኦኤስ አለው? ስንት ሜጋ ድረስ ይቆጣጠራል?” ቢል ባለሱቁም ካርቶኑን ገልብጦ ማንበብ ይጀምራል።

የአንቴናው ነገር ከተነሣ ግድግዳውንም እናንሣ። በሐይቅ የቆየው ቤት በእንጨትና በጭቃ የተመረገ፣ አዲሱ በብሎኬት የተሠራ ነው፤ አምባሰል ላይ ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ካብ ይበዛል። ጣሪያው በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው። የእነዚህ ጠባይ ለሞገድ ይለያያል። ደረቅ ጭቃ በቀላሉ ይበሳል፤ ክረምት ርጥበት ሲጠጣ ግን ውኃ ሞገድን ስለሚውጥ ይከብዳል። ድንጋይና ብሎኬት 5 ጊጋኸርዙን በአንድ ግድግዳ ያደክሙታል፣ 2.4 ጊጋኸርዙ ግን ሁለት ሦስቱን ሊሻገር ይችላል። ቆርቆሮ ምንም አያሳልፍም፤ እንደ መስታወት መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ ዋናው ቤት ውስጥ ያለ ራውተር በቆርቆሮ አጥር ወይም በቆርቆሮ ግድግዳ ከተለየው ሰርቪስ ቤት ጋር ቢቸገር ጥፋቱ የራውተሩ አይደለም። “ኃይለኛ ብገዛስ?” ለሚለው መልሱ አምባሰል ገደል ላይ አለ። ማዶ ለማዶ ሲጠራሩ የአንዱ ድምፅ ቢጎላም የሌላው ካልተሰማ ወሬው አይሄድም። ራውተሩ ምንም ያህል ቢጮህ ትንሿ ስልክ መልሳ እስከ እሱ መድረስ አለባት፤ የስልኳ ጉልበት ደግሞ በባትሪዋና በመጠኗ የተወሰነ ነው። ስልኩ ላይ ሙሉ ምልክት እየታየ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የአንቴናው ብዛትም ቢሆን ሞገዱን ወደ ሩቅ የሚወረውር አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚዘረጋው እንስራ እንደሚቀመጥበት ማቶት ዙሪያውን ነው፤ ከራሱ ላይና ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። ፎቅ ቤት ያለው ሰው ከአንቴናዎቹ አንዱን አጋድሞ ቢሞክር ያለ ምንም ወጪ ለውጥ ያያል። ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ ግን እውነተኛው መፍትሔ ኬብል ነው፦ ሃያ ሠላሳ ሜትር የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ እዚያ ሁለተኛ ርካሽ ራውተር በአክሰስ ፖይንትነት ማስቀመጥ። በአየር የሚቀባበሉ ማራዘሚያዎች ሞገዱን ተቀብለው መልሰው የሚልኩት በአንድ ሬዲዮ ከሆነ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርጉታል።

አምባሰል ውስጥ ብዙ ቤት የሽቦ ምርጫ የለውም፤ ያለው ሲም የሚገባበት ራውተር ነው። እዚያ መታሰብ ያለበት የቤት ውስጡ ዋይፋይ ሳይሆን ከታወሩ የሚመጣው ምልክት ነው። ታወሩ ከአምባው ማዶ ከሆነ ቤቱ የሬዲዮ ጥላ ውስጥ ነው፤ አንድ መቶ ሜትር ወደ ጎን ዘወር ያለ ጎረቤት ደህና ሲያገኝ ያኛው ምንም ላያገኝ ይችላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ሁለት ኦፕሬተሮች ስላሉ፣ ራውተር ከመግዛት በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ላይ እያደረጉ ቤቱን በየመስኮቱ መዞር ነፃ ፈተና ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ የሚመጣውን ስለሚከለክል መስኮት ዳር ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሲም ራውተር ሲገዛ ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የውጭ አንቴና የሚታሰርበት ቀዳዳ መኖሩ ነው፤ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ወደ ታወሩ የዞረ አንቴና በጨለማው ጥግ ካለ ውድ ዕቃ ይበልጣል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የሲም ራውተርም በሁለት ነገር ሊፈተሽ ይገባል። የዓረብ አገር ኦፕሬተሮች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት ዕቃ በራሳቸው ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ደግሞ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ለአራተኛው ትውልድ በስፋት የሚሠራበትን 1800 ሜጋኸርዝ ላይዝ ይችላል። የቴሌኮም ዕቃዎችን ዓይነት የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነውና በጉምሩክ በኩል ዕቃ የሚልክ ሰው ይህንንም ያስታውስ።

“የስልኬ ሆትስፖት እያለ ራውተር ለምን?” የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሰው ልክ ነው፣ ለቤተሰብ ግን አይደለም፤ ባለስልኩ ከቤት ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮት ይወጣል። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የሲምን አስተማማኝነት ይመለከታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በሲም ብቻ የቆመ ቤት ያኔ ከሩቅ ዘመዱ ተለይቶ፣ ተማሪውም ከትምህርቱ ተነጥሎ ከርሟል። ይህ በሕዝቡ ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት ነው፤ በዕቃ ምርጫ የሚካስም አይደለም። ቢሆንም ሽቦ የመግባት ዕድል ባለበት ቀበሌ የሲምም የኬብልም መግቢያ ያለውን ራውተር መምረጥ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን ያስቀራል። ለዚህ የሚከፈለው ልዩነት ለትርፍ አንቴና ከሚከፈለው ይልቅ ተገቢ ነው።

መብራት መጨረሻ ላይ የመጣው ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ የሚሽር ስለሆነ ነው። ፋይበር እዚህ ላይ የማይነገርለት ብልጫ አለው። ከቴሌ ጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርቀት፣ መሀል ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለውም፤ መስመሩን ለብዙ ቤት የሚያካፍለው ነገር እንኳ ብርሃንን የሚከፍል መስታወት ብቻ ነው። ጣቢያው በጄኔሬተር ወይም በባትሪ ከቆመና የቤቱ ዕቃ የራሱ ባትሪ ካለው፣ ከተማው ጨልሞ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ይበቃል፤ ራውተር የሚበላው ከ5 እስከ 12 ዋት ነው። አገዛዙ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሒሳብ አለ። 8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ ያየ ሰው ራውተሩ 500 ሚሊ አምፒር ስለሚወስድ አሥራ ሰባት ሰዓት ያቆየኛል ብሎ ያስባል። ቁጥሩ የተለካው በውስጡ ባሉት የሊቲየም ድንጋዮች በ3.7 ቮልት ነው፤ ራውተሩ የሚሠራው ደግሞ በ12 ቮልት። 8800ው በ3.7 ሲባዛ 32.5 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በመቀየሩ የሚባክነው ሲቀነስ 6 ዋት ለሚበላ ራውተር የሚደርሰው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መጥፎ አይደለም፤ አንድ ምሽት ያሳልፋል። ለኮምፒውተር የተሠራውን ትልቁን ዩፒኤስ ለራውተር መግዛት ግን ብክነት ነው፤ የባትሪውን ቮልት ወደ 220 ከፍ አድርጎ የራውተሩ አዳፕተር መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል፣ በመሀሉ ጉልበቱ ያልቃል። ከመሰካት በፊት የአዳፕተሩን ቮልት ማንበብ ግዴታ ነው፤ ለ9 ቮልት ዕቃ 12 የሰጠ ሰው ሊያቃጥለው ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ሲበዛ ደግሞ የመዳብ ሽቦ ያለው ቤት የመብራት ገመዱን ብቻ ሳይሆን የስልክ ሽቦውንም ከራውተሩ መንቀል አለበት፤ መብረቁ በሁለቱም ይመጣል። ፋይበሩ ራሱ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከወጣቶች የሚመጣ ነው፦ “ዛሬ ርካሹን ከገዛን ነገ ያረጃል፤ ዋይፋይ 6 ወይም 7 እንግዛ።” በውስጡ እውነት አለው። ዋይፋይ 6 የተሠራው ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም መጨናነቁን ለመቀነስ ስለሆነ፣ ተከራይ የበዛበትን ግቢ ሊረዳ ይችላል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ስልኮቹም ያን ሲችሉ ነው፤ በአካባቢው በብዛት የተያዙት ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው፣ ዋይፋይ 7ን የሚያውቁት የሉም ማለት ይቻላል። ያረጀ ዕቃ የሚያስፈራኝ በፍጥነቱ ሳይሆን በደኅንነቱ ነው። አምራቹ ሶፍትዌሩን ማደስ ያቆመበት ራውተር ሌባ እያወቀው ባለቤቱ የማያውቀው ቀዳዳ ይዞ ይቀመጣል። ከዋይፋይ ምሥጠራዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው ደብሊውፒኤ 2 ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ 3 ካለ የተሻለ ነው። ቁልፍ ተጭኖ ወይም ስምንት አኃዝ አስገብቶ የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ ደካማነቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለተጋለጠ መዘጋት አለበት፤ ከሥሩ የተለጠፈው የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። ለተከራዮች የእንግዳ ኔትወርክ ለይቶ መስጠት የሚችል ራውተር ከሌላው ቢመረጥ ለጉርብትናም ለሒሳብም ይበጃል።

“ይህ ሁሉ ለባለሙያ ነው” ለሚል ሰው አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ስልክ ብቻ ይበቃዋል። ራውተሩ አጠገብ አንድ እርምጃ ርቆ ይቁምና ፍጥነቱን ይለካ። እዚያው ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው፣ የትኛውም አዲስ ራውተር አያድነውም። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ቤት ከቀረፈፈ ግድግዳው ነው፤ ኬብል ይግዛ። ሁለቱም ጋ ደህና ሆኖ ምሽት ላይ ሁሉም ሲጠቀም ጥሪው ከተቆራረጠ ወረፋው ነው፤ ራውተር መቀየር ያለበት ያን ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሚኒ ዩፒኤስ ካለው ጎረቤት ለአንድ ምሽት ተውሶ ይሰካና የራውተሩ የኢንተርኔት መብራት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱን ይይ፤ ካልቆየ መስመሩ ራሱ መብራት ይፈልጋልና ባትሪ አይግዛ።